የቆየ አንድሮይድ ስልክ በኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ይታደሳል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስልኩ አልተሰበረም። ስክሪኑ ይሠራል፣ ካሜራው ያነሳል፣ ድምፁም ጥርት ብሎ ይሰማል። ግን አፕዴት ከመጣለት ዓመታት አልፈዋል፣ አንዳንድ አፕ "ለዚህ ስልክ አይሆንም" እያለ እምቢ ይላል፣ ስቶሬጁም ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር "ሽጠውና ጨምረህ ሌላ ግዛ" የሚል ነው። እዚህ ያለው ሌላውን መንገድ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ (ኦፕን ሶርስ) ሌላ ሲስተም ስልኩ ላይ መጫንን፣ ለሚያስቡ ነው፤ መንገዱ ለሁሉም ስልክ እንደማይሆን ግን ከወዲሁ ይታወቅ። ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አንድሮይድ ኦፕን ሶርስ ነው እየተባለ ስልኬ ላይ የፈለግኩትን ሲስተም መጫን የማልችለው ለምንድን ነው?

አንድሮይድ የምንለው ተደራርቦ የተሠራ ነገር ነው። መሠረቱ በእርግጥ ክፍት ነው፤ ጎግል ኮዱን በአፓቺ 2.0 ፈቃድ ይለቃል፣ ከሥሩ ያለው የሊኑክስ ከርነልም (የሲስተሙ እምብርት) በጂፒኤል 2 ፈቃድ የሚሰራጭ ነው። ከላይ የተቀመጠው የጎግል አገልግሎት ግን ዝግ ነው፤ ፕሌይ ስቶርና የብዙ አፖች ኖቲፊኬሽን የሚያልፉት በእሱ በኩል ነው። ከታች ደግሞ የሞደሙ፣ የካሜራውና የግራፊክሱ ፈርምዌር (ዕቃውን የሚያንቀሳቅሰው ውስጣዊ ፕሮግራም) ከቺፕ አምራቹ እንደታሸገ የሚመጣ ነው። ስልክዎ ላይ ላይኔጅ ኦኤስ የሚባለውን፣ ከክፍቱ አንድሮይድ የተሠራ ሲስተም ቢጭኑ እንኳ ይህ የታሸገው ክፍል አብሮ ይሄዳል።

ከዚያ ቡትሎደር አለ። ስልኩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ሲስተሙ የአምራቹ ፊርማ እንዳለበት አይቶ፣ ከሌለበት አያስነሳውም። ለሌባና ለተንኮለኛ ሶፍትዌር ጥሩ መከላከያ ነው። ቅር የሚያሰኘው ቁልፍ መኖሩ ሳይሆን በገንዘቡ የገዛው ሰው እንኳ እንዳይከፍተው መደረጉ ነው። ቺፑን የሠራው ኩባንያ ለአዲሱ አንድሮይድ ድራይቨር ማውጣት ሲያቆም ስልኩን የሠራውም ያቆማል፤ ቡትሎደሩ የማይከፈት ከሆነ ደግሞ ሥራውን ከዚያ ተቀብሎ የሚቀጥል ሰው አይኖርም። ጎግል ከ2023ቱ ፒክስል 8 ጀምሮ፣ ሳምሰንግ ከ2024ቱ ኤስ 24 ጀምሮ የ7 ዓመት አፕዴት ቃል ገብተዋል። በርካሹ ስልክ ላይ እንዲህ ያለ ቃል ብርቅ ነው።

"ነጻ ሶፍትዌር" ሲባል በነጻ የሚሰጥ ማለት ነው?

አብዛኛው ገንዘብ አይጠየቅበትም፤ "ነጻ" የተባለው ግን ስለ ነጻነቱ ነው። ኮዱን ማየት፣ መለወጥና ለሌላ ማካፈል ይቻላል። ጥቅሙ በተግባር የታየው በ2023 መጨረሻ ላይ ነው። ሲምፕል ሞባይል ቱልስ የሚባሉት ጋለሪ፣ ካሌንደርና የመሳሰሉት አፖች ለሌላ ኩባንያ ሲሸጡ፣ ፈቃዳቸው ጂፒኤል ስለነበር ሌሎች ገንቢዎች ኮዱን ወስደው ፎሲፋይ በሚል ስም ቀጠሉት። ዝግ አፕ ሲሸጥ ተጠቃሚው ያለው ምርጫ ማጥፋት ብቻ ነው።

ስልክ ቤት "ዲኮድ" አስደርጌዋለሁ። ቡትሎደሩ ተከፈተ ማለት ነው?

አይደለም፤ ሁለቱ በየቀኑ የሚምታቱ ነገሮች ናቸው። ዲኮድ የሚከፍተው የሲም ቁልፍን ነው፤ ከአሜሪካ ወይም ከአረብ አገር የመጣ ስልክ የሌላ ቴሌ ሲም እንዲቀበል ያደርገዋል። ቡትሎደር ሌላ ሲስተም ለመጫን የሚከፈት በር ነው። አንዱ ተከፍቶ ሌላው ሊቆለፍ ይችላል። ለምሳሌ ቬራይዞን የሚሸጠው ፒክስል ሲሙ ቢከፈትም ቡትሎደሩ አይከፈትም፤ ከጎግል በቀጥታ የተገዛው ያው ፒክስል ግን ይከፈታል።

የትኞቹ ስልኮች ይሆናሉ?

መልሱ ከስልኩ ስም ይልቅ ከሞዴል ቁጥሩ ይገኛል። ጋላክሲ ኤስ 9ን ይውሰዱ፤ ቁጥሩ በ"ኤፍ" የሚያልቀው የኤክሲኖስ ቺፕ ያለው ነው፣ ይከፈታል። በ"ዩ" የሚያልቀው የአሜሪካው ባለ ስናፕድራጎን ነው፣ አይከፈትም። ሽፋናቸው አንድ ነው፣ ሣጥናቸውም አንድ ይመስላል።

ፒክስልና የቆዩ ዋንፕላስ ስልኮች ከሁሉም ይቀላሉ። በ2018 የወጣው ዋንፕላስ 6 ኩባንያው አንድሮይድ 11 ላይ አቁሞታል፤ ላይኔጅ ኦኤስ ግን ቢያንስ እስከ አንድሮይድ 15 አድርሶታል። ሻዎሚ ይፈቅዳል፣ ግን አካውንት አስሮ ብዙ ጊዜ 168 ሰዓት፣ ማለትም ሙሉ ሳምንት ያስጠብቃል፤ ሃይፐር ኦኤስ በተባለው አዲሱ ሲስተሙ ላይ ደግሞ ይበልጥ አጥብቆታል። ሁዋዌ ከ2018 ወዲህ የመክፈቻ ኮድ መስጠት አቁሟል። በሳምሰንግ ላይ ቡትሎደሩ ተከፍቶ ሌላ ሲስተም ሲነሳ ኖክስ የሚባለው ውስጣዊ ፊውዝ ይቃጠላል፤ ሴኪዩር ፎልደርና የሳምሰንግ ክፍያ ዋናው ሲስተም ቢመለስም አይመለሱም።

እኛ ዘንድ እጅግ የበዙት ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል፣ ሦስቱም የትራንሽን ምርቶች ናቸው። ለእነሱ የሚሠራ ገንቢ ጥቂት ነው። ከአንድሮይድ 8 ጀምሮ የመጣው ትሬብል የሚባል አሠራር "ጂኤስአይ" የሚባል የጋራ ሲስተም ለመጫን በር ከፍቷል፤ በእነዚህ ስልኮች ላይ ሲጫን ግን ካሜራው፣ የጣት አሻራው ወይም ድምፁ እምቢ ማለቱ የተለመደ ነው። አንድ ስልክ ብቻ ላለው ሰው አንመክርም።

ስልኬ ላይኔጅ ኦኤስ ከሚደግፋቸው ስልኮች ዝርዝር ውስጥ አለ። ምን ላዘጋጅ፣ በምን ቅደም ተከተል ልሂድ?

መጀመሪያ ባክአፕ። ቡትሎደር ሲከፈት ስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ልመናም አይሰማም። ፎቶና ስልክ ቁጥር ሁሉም ያስታውሳል። የሚረሱት የኦተንቲኬተር ኮዶች፣ የዋትሳፕ ባክአፕና የቴሌግራም ሚስጥራዊ ቻቶች ናቸው። የቴሌግራም ተራ ቻት ሰርቨር ላይ ስላለ ይመለሳል፤ ሚስጥራዊው ቻት ግን ያለው ስልኩ ላይ ብቻ ስለሆነ አይመለስም።

ላፕቶፕ ይሻላል፤ መብራት ቢጠፋ በባትሪው ይቀጥላል። የስልኩ ቻርጅ ከግማሽ በላይ ይሁን። ኬብሉ ዳታ የሚያስተላልፍ መሆን አለበት፤ በየመንገዱ የሚሸጠው ርካሽ ኬብል ብዙ ጊዜ ቻርጅ ብቻ ያደርጋል፣ ኮምፒውተሩም "ስልክ የለም" ይላል። ሮሙ (የሚጫነው የሲስተም ፋይል) እንደ ስልኩ 1 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ ከዋይፋይ አስቀድመው ያውርዱት፤ የወረደውንም ፋይሉ ሙሉ መሆኑን በሚያሳየው የሻ 256 ቁጥር ያመሳክሩ። ኔትወርክ እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል ብዙ ጊዜ ጎደሎ ነው።

ከዚያ፦

1. ሴቲንግ ውስጥ "ስለ ስልኩ" ገብተው የቢልድ ቁጥሩን 7 ጊዜ ይንኩ። የገንቢ አማራጮች የሚለው ይከፈታል።
2. እዚያ ውስጥ የ"ኦኢኤም አንሎክ" እና የ"ዩኤስቢ ዲበጊንግ" ማብሪያዎችን ያብሩ።
3. ስልኩን ወደ ፋስትቡት (ከኮምፒውተር ትእዛዝ ወደሚቀበልበት ሁኔታ) አስገብተው ቡትሎደሩን ይክፈቱ። ትእዛዙ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ሳምሰንግ ፋስትቡትን ሳይሆን የራሱን ዳውንሎድ ሞድ ይጠቀማል።
4. ለስልክዎ ሞዴል የተዘጋጀውን ሪከቨሪ (ሲስተም ለመጫንና ለማጥፋት የሚያገለግለውን ትንሽ ፕሮግራም) ይጫኑ። በአንድ ፊደል የሚለይ የሌላ ሞዴል ፋይል አይሞክሩ።
5. ሪከቨሪው ውስጥ ፋክተሪ ሪሴት ያድርጉ። ይህን የዘለለ ሰው ነው በኋላ "ሎጎው ላይ ቀረ" የሚለው፤ አሮጌው ኢንክሪፕት የተደረገ ዳታ ከአዲሱ ሲስተም ጋር ስለሚጋጭ ነው።
6. ሮሙን በኤዲቢ ሳይድሎድ (ከኮምፒውተር በኬብል ፋይል በሚልከው ትእዛዝ) ይላኩ።
7. ፕሌይ ስቶር ከፈለጉ ማይንድ ዘ ጋፕስ የሚባለውን ጥቅል ስልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመነሳቱ በፊት ይጫኑ። አንዴ ካስነሱት በኋላ ከጫኑት የጎግል አፖች እየተዘጉ ያስቸግራሉ፤ መፍትሔው እንደገና ሪሴት ማድረግ ነው።

ሳይድሎዱ 47 በመቶ ላይ ቆሞ ኮምፒውተሩ የስህተት መልእክት የመሰለ ነገር ሊያሳይ ይችላል። ብዙዎች እዚህ ላይ ደንግጠው ኬብሉን ይነቅሉታል። አይንቀሉ፤ ስልኩ ላይ የሚታየውን ያንብቡ፣ እዚያ ተሳክቷል ካለ ተሳክቷል። የመጀመሪያው መነሳት እስከ 15 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል።

ሥራው ካለቀ በኋላ "ለደህንነት" ብለው ቡትሎደሩን መልሰው አይቆልፉ። ላይኔጅ ኦኤስ ላይ ከቆለፉት ስልኩ የአምራቹን ፊርማ ያጣና አይነሳም። መልሶ መቆለፍ በአግባቡ የሚሠራው እንደ ግራፊን ኦኤስ ባሉ ሲስተሞች ነው፤ እሱ ደግሞ የሚጫነው በፒክስል ላይ ነው።

ስልኩ ሞተ! ይድናል?

ሎጎ እያሳየ የሚመላለስ ወይም ወደ ሪከቨሪ የሚገባ ስልክ አልሞተም፤ የአምራቹን ኦርጅናል ሶፍትዌር መልሶ ፍላሽ ማድረግ (ከኮምፒውተር መጫን) ነው። ለሳምሰንግ ኦዲን፣ ለሻዎሚ ሚ ፍላሽ፣ የሚዲያቴክ ቺፕ ላላቸው ኤስፒ ፍላሽ ቱል አለ። ምንም ሳያሳይ የጠቆረው፣ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ግን "ኳልኮም 9008" ተብሎ የሚታየውም ተስፋ አለው፤ ግን የባለሙያ እጅ ይፈልጋል።

ኤስፒ ፍላሽ ቱል ላይ ግን አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ከላይ ያለው ምርጫ "ዳውንሎድ ኦንሊ" ይሁን። "ፎርማት ኦል" የሚለው ኤንቪራም የተባለውን ክፍል ጭምር ያጠፋል፤ አይኤምኢአይ የሚባለው የስልኩ መለያ ቁጥር የተቀመጠው እዚያ ነው። ስልኩ ይነሳል፣ ሲም ግን አያነብም ወይም ኔትወርክ አያገኝም። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት *#06# ደውለው ሁለቱንም ቁጥሮች ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ኤንቪራሙንም ባክአፕ ያድርጉ። ሮም መቀየር በራሱ አይኤምኢአይ አይነካም።

ቴሌብርና የባንክ አፕ ይሠራሉ?

እዚህ ላይ ማንም ዋስትና አይሰጥዎትም። ጎግል ፕሌይ ኢንተግሪቲ የሚባል ፍተሻ ለአፕ ሠሪዎች አቅርቧል፤ ቡትሎደሩ የተከፈተ ስልክ መካከለኛውንና ከፍተኛውን ደረጃ አያልፍም። ባንኩ ፍተሻውን ከተጠቀመ አፑ አይከፈትም። ዛሬ ቢከፈት እንኳ በሚቀጥለው አፕዴት ሊከለክል ይችላል። ፍተሻውን ለማታለል የሚሸጡ ዘዴዎች አሉ፤ በየጊዜው ስለሚሰበሩ ደመወዝ የሚገባበትን ሂሳብ በእነሱ ላይ መጣል ሞኝነት ነው።

ደግነቱ እኛ ጋ የአጭር ቁጥሩ መንገድ አለ። ቴሌብር በ*127#፣ ሲቢኢ ብር በ*847# በማንኛውም ስልክ፣ ባለ ቁልፉም ላይ ይሠራል፤ የትኛው ሲስተም እንዳለ አይጠይቅም። ውጭ አገር ያሉ ግን ይህ መንገድ ስለሌላቸው ለባንክ አንድ ያልተነካካ ስልክ ቢያስቀሩ ይሻላል። አሜሪካ ላለ ሰው ሌላም ጣጣ አለ፦ ትልልቆቹ ቴሌዎች 3ጂን በ2022 ስላጠፉ ጥሪ የሚሄደው በቮልቲ፣ ማለትም በ4ጂ ኔትወርክ በኩል ነው። ቮልቲ በሮሙ ላይ ካልሠራ ኢንተርኔት እያለ መደወል አይቻልም።

ሲስተሙን ሳልነካ የማገኘው ጥቅም አለ?

አለ፣ ለአብዛኛው ሰውም የሚበቃው ይኸው ነው። ኤፍ ድሮይድ ከ2010 ጀምሮ ያለ የኦፕን ሶርስ አፖች መደብር ነው፤ አካውንት አይጠይቅም። ከእሱ ኒው ፓይፕን ቢያወርዱ ዩቲዩብን ያለ ማስታወቂያ፣ ስክሪኑ ጠፍቶም ማዳመጥ ይቻላል፤ ቪዲዮውን በዝቅተኛ ጥራት ወይም ድምፁን ብቻ መርጠው ስለሚያወርዱ ዳታ ይቆጥባል። ዩቲዩብ አሠራሩን ሲቀይር ለቀናት ሥራ ያቆማል፤ ያኔ አፕዴት መጠበቅ ነው። ለካርታ ኦርጋኒክ ማፕስ ወይም ኦስማንድ አለ፤ የኢትዮጵያን ካርታ አንዴ ካወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይመራል። ፋይል ለመላላክ ሎካል ሴንድ ዜንደርንና ሼር ኢትን ይተካል፤ ሁለቱ ስልኮች አንድ ዋይፋይ ወይም የአንዱ ሆትስፖት ላይ ይሁኑ እንጂ ዳታ አይቆጥርም፣ ማስታወቂያም የለውም።

ኤፍ ድሮይድ የሚጫነው በኤፒኬ (ከፕሌይ ስቶር ውጭ በሚጫን የአፕ ፋይል) ስለሆነ ሁሉም ኤፒኬ አንድ ነው ማለት አይደለም። በቴሌግራም ቻናል "ፕሪሚየም የተከፈተ" እየተባለ የሚለቀቀውን ማን እንደነካካው አይታወቅም። የባንክ አፕን ከዚያ ማውረድ ፒንን ለማያውቁት ሰው እንደ መንገር ነው።

ጎግል ከፕሌይ ስቶር ውጭ መጫንን ሊከለክል ነው የሚባለው እውነት ነው?

በነሐሴ 2025 ጎግል ያሳወቀው፣ አፕ ሠሪዎች ማንነታቸውን አስመዝግበው ካልተረጋገጡ አፓቸው የጎግል ማረጋገጫ ባላቸው አንድሮይድ ስልኮች ላይ በተለመደው መንገድ እንደማይጫን ነው። በተያዘው ዕቅድ መስከረም 2026 ላይ በብራዚል፣ በኢንዶኔዢያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ ይጀምርና ከ2027 ጀምሮ ወደ ሌሎች አገሮች ይሰፋል። ኤፍ ድሮይድ አጥብቆ ተቃውሟል፤ ጎግልም በኋላ አደጋውን አውቀው ለሚቀበሉ ልምድ ያላቸው ተጠቃሚዎች የተለየ መንገድ እንደሚተው ተናግሯል። ላይኔጅ ኦኤስ ያለ ጎግል አገልግሎት የጫነ ስልክን ይህ አይመለከተውም። በእኛ አስተያየት አጭበርባሪን መከላከሉ ተገቢ ነው፤ በራሴ ስልክ ምን እንደምጭን ለመወሰን ሦስተኛ ወገን ማስፈቀዱ ግን ተገቢ አይደለም።

ሣጥኑ ላይ "8 ጊባ ራም" ይላል፣ ስልኩ ግን ሃንግ ያደርጋል። ለምን?

ትንንሹን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ብዙ ጊዜ "4+4" ነው። ሁለተኛው 4 ከስቶሬጁ የተበደረ ነው። ስቶሬጅ፣ በተለይ ኢኤምኤምሲ የሚባለው ርካሹ ዓይነት፣ ከራም እጅግ ይዘገያል፤ አዘውትሮ ሲጻፍበትም ያልቃል። 32 ወይም 64 ጊባ ስልክ ላይ ይህን ማስፋፊያ አጥፍተው ቦታውን ቢያስመልሱ ይሻላል። ቀጥሎ ቴሌግራም ውስጥ "ዳታ እና ስቶሬጅ" ገብተው ካሹን (የተጠራቀሙትን ጊዜያዊ ፋይሎች) ያጽዱ፤ ሚዲያ ከ3 ቀን በኋላ ራሱ እንዲጠፋም ያዙት። ፋይሉ ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስለሚቆይ ሲፈልጉት እንደገና ይወርዳል።

ዌብሳይት ስከፍት "ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም" ይለኛል። ስልኩ ስላረጀ ነው?

አስቀድመው ቀኑን ይመልከቱ። ሴቲንግ ላይ ዓመቱን በእጃቸው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞሉ ብዙ ናቸው፤ ስልኩ ያንን እንደ ፈረንጅ ዓመት ስለሚቆጥረው 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል፣ የዌብሳይቶቹ ሰርተፊኬትም (የማንነት ማረጋገጫቸው) "ገና ያልጀመረ" ሆኖ ይታየዋል። ቀኑን አውቶማቲክ ያድርጉት፤ የኢትዮጵያን ቀን የሚያሳይ የካሌንደር አፕ ለየብቻ አለ።

ቀኑ ትክክል ሆኖ አንድሮይዱ ከ7.1.1 በታች ከሆነ ግን እርጅናው ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ነጻ ሰርተፊኬት ሰጪ የሚታወቅበት ዋና ፊርማ በእነዚያ ስልኮች ውስጥ የለም፤ ይደግፋቸው የነበረው ሌላ ፊርማም በመስከረም 2024 አብቅቷል። አዲስ ሮም መጫን ይህን በቀጥታ ይፈታል።

አማርኛ መጻፊያውስ?

ማንበቡ ችግር የለውም፤ ኖቶ የሚባለው ክፍት ፎንት ከሲስተሙ ጋር ይመጣል። ለመጻፍ ጂቦርድ አማርኛ አለው፣ ግን ዝግ ነው። ክፍቱን የሚፈልጉ ኪማንን ጭነው በውስጡ ጂኤፍኤፍ አማርኛ የሚለውን ኪቦርድ ያውርዱ።

አዲስ ሲስተም ባትሪውን ያድሰዋል?

አያድሰውም። ከበስተጀርባ የሚሠሩትን አፖች ስለሚቀንስ ቻርጁ ትንሽ ሊቆይ ይችላል፤ ያረጀ ሊቲየም ግን ያረጀ ነው። ከ30 በመቶ ላይ ድንገት የሚጠፋ ወይም ጀርባው ያበጠ ስልክ ባትሪው ይቀየር፤ ያበጠውን አይጫኑት፣ አይብሱት። አውሮፓ ያላችሁ ከሰኔ 20 ቀን 2025 ወዲህ ለገበያ የቀረበ ሞዴል ስትገዙ የሕጉ ጥቅም ይደርሳችኋል፦ ባትሪው ከ800 ዙር ቻርጅ በኋላ ቢያንስ 80 በመቶ አቅሙን መያዝ አለበት፣ የሲስተም አፕዴቱም ሽያጩ ካበቃ በኋላ ቢያንስ 5 ዓመት መቀጠል አለበት።

ያገለገለ ስልክ ልገዛ ነው፤ በኋላ ሌላ ሲስተም እንዲቀበል ምን ልይ?

ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ሱቁ ውስጥ ሦስት ነገር ያድርጉ። *#06# ደውለው የሚወጣውን ቁጥር ከሣጥኑ ጋር ያስተያዩ። ሻጩ ፊትዎ ሪሴት አድርጎ እስከ መጨረሻው ያስነሳው፤ የቀድሞ ባለቤት የጎግል አካውንት ከጠየቀ ተዉት። ከዚያ ሆትስፖት ከፍተው ስልኩን ኢንተርኔት ላይ ያገናኙና የገንቢ አማራጮች ውስጥ "ኦኢኤም አንሎክ" የሚለውን ይንኩት። ኢንተርኔት ሳይኖር ደብዝዞ መታየቱ በአንዳንድ ስልክ የተለመደ ነው። ኢንተርኔት እያለም ደብዝዞ እምቢ ካለ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ ስልኩን ሲገዙ አምራቹ በጫነው ሲስተም ብቻ እንደሚኖር ቆጥረው ዋጋውን ይደራደሩ።